ሁለት ነጥቡን አትንኩብኝ

ብራና ሥራ ሊለማመድ ወደ እኔ የሚመላለስ አንድ ዲያቆን አለ፤ እዚሁ ላሊበላ ኮምፒውተር ቤት ጽሑፍ እየተየበ ነው የሚያድረው። ብዕር አቀራረጽ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «የኔታ፣ ሁለት ነጥቡ ምን ያደርጋል? ክፍተት ብቻ ትተው ቢያልፉ ጊዜ አይቆጥቡም?» አለኝ።

ለጋዜጣና ለስልክ ባዶው ይበቃል፤ በዚያ አልጣላም። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ድሮ ቃሉን ሁሉ አያይዘው ነበር የሚጽፉት፤ ክፍተት ማስገባቱን ያስለመዱት በ7ኛው መቶ ዘመን ገደማ የአየርላንድ መነኮሳት ናቸው። የእኛዎቹ ግን ባዶ አልወደዱም። በኢዛና የድንጋይ ጽሑፍ ቃልን ከቃል የሚለየው ቀጥ ያለ ጭረት ነው፤ ብራና ላይ ሁለት ነጥብ ሆነ።

ጥቅሙ የሚታየው መስመር ጫፍ ላይ ነው። የብራና ዓምድ ጠባብ ስለሆነ ቃል ካልበቃው ካለቀበት ይቆረጣል፤ ማያያዣ ሰረዝ የለም። «እግዚአ» ላይ መስመሩ ቢያልቅ «ብሔር» ወደ ታች ይወርዳል። «እግዚአ» ደግሞ ለብቻውም ቃል ነው። ታዲያ አንባቢው በምን ይወቅ? ጫፉ ላይ ነጥብ ካለ ቃሉ አልቋል፤ ከሌለ ይቀጥላል። ባዶ ክፍተት ግን እዚያ ሲደርስ ከኅዳጉ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። በዚያ ላይ ከአለት በተፈለፈለ ቤተ መቅደስ ውስጥ በጧፍ ነው የሚነበበው፤ የቆዳው የጠጉር ወገን የራሱ ነጠብጣብ አለው፣ ዓይን ይሳሳታል።

ክፍተት ጠላቴ ነው ማለቴ አይደለም። በሁለቱ ዓምዶች መካከል የጣት ወርድ የማይተው ጸሐፊ ያናድደኛል። ቆዳ ተወደደ ብለው የታችኛውን ኅዳግ የሚያጠብቡም አሉ። የርስትና የጉልት ማስታወሻ በወንጌል ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ የተጻፈባቸው ደብሮች ስንት ናቸው! አባቶች ኅዳግ ቢሰስቱ ያ ሁሉ መዝገብ የት ይጻፍ ነበር?

ከሁሉ የሚከብደው ለስም የሚተወው ነው። ጥቁሩን ጽፈህ ትጨርስና ቀዩን ቀለም ትመለስበታለህ፤ የባለቤቱ ስም «ለገብርከ» ከሚለው ቀጥሎ ይገባል። ስሙን ካላወቅህ ስንት ፊደል ትተዋለህ? እኔ ለረጅሙ፣ ለወልደ ጊዮርጊስ የሚበቃ እተዋለሁ፤ አጭር ስም ከመጣ ትርፉን በቀይና በጥቁር ነጥብ እሞላዋለሁ። ከኮሮናው በፊት አንድ ውጭ አገር የሚኖር ሰው ዳዊት አዝዞኝ፣ «የክርስትና ስሜን መጥቼ እነግርዎታለሁ» ብሎ ሄደ። ኮሮናው መጣ፣ ጦርነቱ ተከተለ፣ እንግዳ ከከተማው ጠፋ። እኔ ግን ያን ዳዊት ስጽፍ ከረምኩ፤ እያንዳንዱን ቃል ድምፅ አውጥቼ እልና ነጥቡ ላይ እተነፍሳለሁ። ከደጅ የሚሰማውን የምረሳው እንደዚያ ነበር። ዳዊቱ አልቋል፤ የስሙ ቦታ ባዶውን ነው። ለሌላ ሽጠው ይሉኛል። በሰው ስም ቦታ ሌላ ስም አልጽፍም።

ዲያቆኑ ግን በቀላሉ አይረታም። ዩኒኮድ የሚሉት የዓለም ፊደላት መዝገብ በ1999 እ.ኤ.አ. የእኛን ፊደል ሲያስገባ ሁለት ነጥብን «የቃል ክፍተት» ብሎ ነው የሰየመው፣ አለኝ። «አዩ? ክፍተት ነው!» እንግዲያ ክፍተቱን በነጥብ ጻፈው፣ አልኩት። በሳምንቱ አንድ መልክአ ሥላሴ አትሞ አመጣ፤ ነጥብ አለው፣ ግን ከነጥቡ በፊትም ባዶ ስለተወ ግማሹ ነጥብ መስመር መጀመሪያ ላይ ተንጠልጥሏል። ነጥብ የቀደመው ቃል ነው፤ ከእሱ ጋር አጣብቀው፣ ባዶውን ከኋላው ብቻ ተው፣ አልኩት።

«ኮምፒውተሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ይላል።