የማሪዮ ሁለት ሩጫዎች

የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታ የሕፃናት ማሳለፊያ ነው በሚል ሰበብ ከሂስ መድረክ ውጭ ሲጣል ኖሯል። ይህ አመለካከት ዛሬ አያስኬድም። የወጣቱን ሰዓት ከልብ ወለዱና ከቴአትር አዳራሹ ጋር ከሚሻሙት ኃይሎች አንዱ ይኸው ጨዋታ ነውና፣ ሐያሲው አይቶ እንዳላየ ቢያልፈው የሚጎዳው በመጀመሪያ ሂስ ራሱ ነው። ችግሩ ግን ክርክሩ ሲነሣም አለቦታው መነሣቱ ነው። በቴሌቪዥን ላይ በኮንሶል የሚካሄደው ጨዋታ «እውነተኛ»፣ በእጅ ስልክ የሚካሄደው «ርካሽ» ይባላል። የመስተዋት ስፋት የኪነ ጥበብ ሚዛን ሆኖ አያውቅም። መጠየቅ ያለበት፣ ሥራው ገቢ የሚያገኝበት መንገድ በቅርፁና በይዘቱ ላይ ምን ያስከትላል? የሚለው ነው። ለዚህ ከኒንቴንዶ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፤ ይህ ድርጅት ሁለቱንም መንገድ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ሞክሯልና።

እ.ኤ.አ. በ1889 በኪዮቶ ከተማ ሐናፉዳ የተባለውን የመጫወቻ ካርታ በመሥራት የተነሣው ድርጅት በ1985 «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ»ን አወጣ። የሽገሩ ሚያሞቶና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ደረጃ አከፋፈት ልብ ብሎ መመልከት ይገባል። ማሪዮ በስተግራ ቆሟል፤ በስተቀኝ ሜዳው ባዶ ነው፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ማንም ሳይነግረው ወደ ቀኝ ይሄዳል። አንድ ትንሽ ጠላት ይመጣል፤ ካልዘለለው ይሞታል፤ የሚያጣው ግን የጥቂት ሴኮንድ ጉዞ ብቻ ነው። የጥያቄ ምልክት ያለበትን ሳጥን በአናቱ ሲመታው እንጉዳይ ይወጣል፤ እንጉዳዩ ወደ ቀኝ ተንሸራትቶ ከቧንቧ ጋር ይጋጭና ወደ ተጫዋቹ ይመለሳል። ሊሸሸው ያሰበ እንኳ ብዙ ጊዜ ይነካውና ያድጋል። አንድ ቃል ሳይነገር የዓለሙ ሕግ በሙሉ ተነግሯል። የአንድ ተውኔት የመጀመሪያ ገቢር ተመልካቹን እንዴት ወደ ውስጥ እንደሚያስገባ ለሚያስተምሩ መምህራን ከዚህ የጠራ ማስረጃ ማቅረብ ይቸግራል። ዋጋው በሱቅ ተከፍሎ አልቋልና ሠሪው ከተጫዋቹ የሚጠብቀው ሌላ ሳንቲም አልነበረም፤ ጥበቡን ሁሉ ያዋለው በዝላዩ ላይ ነው።

ይኸው ማሪዮ በዲሴምበር 2016 «ሱፐር ማሪዮ ራን» በሚል ርእስ ወደ ስልክ ገባ። እዚህ ማሪዮ በራሱ ይሮጣል፤ ተጫዋቹ በአንድ ጣት እየነካ ያዘልለዋል። 24 ደረጃዎች ነበሩት፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች በነፃ፣ የቀሩት 10 ዶላር ገደማ አንድ ጊዜ ብቻ ተከፍሎባቸው። በእኔ ግምት ሥራው ከ1985ቱ ያንሳል። እንደልብ ቆሞ ዙሪያን መቃኘት መቅረቱ ሜዳውን ወደ መንገድነት አጥብቦታል። ይሁን እንጂ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ ከተጫዋቹ ጋር በግልጽ የተዋዋለ ሥራ ነው። በ2017 ድርጅቱ ጨዋታው 200 ሚሊዮን ጊዜ ያህል በስልኮች ላይ መጫኑን፣ ትርፉ ግን ከሚፈለገው ደረጃ አለመድረሱን አስታወቀ።

በፌብሩዋሪ 2017 የወጣው «ፋየር ኤምብለም ሂሮስ» ሌላውን መንገድ ያሳያል። ፋየር ኤምብለም እ.ኤ.አ. በ1990 በኮንሶል ሲጀመር አንድ ጨካኝ ሕግ ይዞ ነበር፤ በውጊያ የወደቀ ወታደር አይመለስም። ወታደሩ ስም አለው፣ ይናገራል፤ ሲሞትም ሞቱ ሞት ነው፤ ጦርነቱ ያለ እርሱ ይቀጥላል። አዛዡ ስለ አንድ እርምጃ ደጋግሞ የሚያስበው በዚህ ምክንያት ነበር። (ከ2010 ወዲህ የኮንሶሉ ተጫዋች ይህን ሕግ መተው እንዲችል ምርጫ ተሰጥቶታል፤ ምርጫው ግን የራሱ ነው።) በስልኩ ሥራ የወደቀው ጀግና ከውጊያው በኋላ ምንም እንዳልሆነ ተነሥቶ ይመጣል። የሚገኘውም በጋቻ ነው። ቃሉ የመጣው ሳንቲም ሲገባባቸው የታሸገ አሻንጉሊት ከሚተፉት የጃፓን ማሽኖች ነው፤ የሚፈለገው ጀግና በዕጣ ይወጣል ወይም አይወጣም፤ ዕጣውን በተደጋጋሚ ለማውጣት ደግሞ በገንዘብ የሚገዛ ዕንቁ ያስፈልጋል። ያው ጀግና ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ቢወጣ ቅጂዎቹ እርስ በርስ ተዋሕደው አንዱን ያጠነክራሉ። ትራጄዲው የተሰረዘው እዚህ ላይ ነው። አንድያ ነፍስ የነበረው ገጸ ባሕርይ ብዜት ያለው የሎተሪ ቲኬት ሆነ፤ በገንዘብ የተገዛ ነገር ደግሞ ለዘለቄታው ሊሞት አይችልም፤ ገዢው ይቆጣልና። ስልኩ ለዚህ ጥፋተኛ አይደለም። ገበያው ግን ከሁለቱ የትኛውን እንደሸለመ ግልጽ ነው፤ ዕጣው የማሪዮን የአንድ ጊዜ ክፍያ በገቢ እጅግ በልጦታል።

ኮንሶሉም ከዚህ ንጹሕ ሆኖ አልቀረም። ፊፋ በተባለው የእግር ኳስ ጨዋታ ተጫዋቾችን በታሸገ ዕጣ የሚያስገዛው «አልቲሜት ቲም» በኮንሶል የተጀመረው በ2009 ነው። ይኸው ጨዋታ ግን በከተሞቻችን ፕሌይስቴሽን ቤቶች ሌላ መልክ አለው። ሁለት ልጆች ጆይስቲክ ይዘው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ከኋላቸው ተራ የሚጠብቁት ይዳኛሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ያስተምራሉ፤ የሚከፈለው ለአንድ ግጥሚያ ነው፤ ሲያልቅ ተሸናፊው ይነሣል። የዕጣው ሳጥን ከዚህ ክፍል የሚገባበት በር የለውም። ተመልካች ባለበት ጨዋታው የመድረክ ጠባይ ይይዛል። አዲስ አበባ ውስጥ ገበጣንና ኩኩሉን ለስልክ የሠራው ቅኔ ጌምስም ሆነ ሌሎች የአገራችን ሠሪዎች የሚጋፈጡት ጥያቄ ይኸው ነው፤ ገበጣ ሁለት ሰዎችን ፊት ለፊት ያስቀምጣል፣ የስልኩ ገበያ ግን አንዱን ሰው ለብቻው ይፈልገዋል።

ቤልጂግ በ2018 በገንዘብ የሚገዙ የዕጣ ሳጥኖችን ከቁማር ስለቆጠረች፣ ኒንቴንዶ በ2019 «ሂሮስ»ንና «አኒማል ክሮሲንግ፡ ፖኬት ካምፕ»ን ከዚያች አገር አወጣ። «ድራጋሊያ ሎስት» የተባለው የስልክ ሥራው በ2018 ተከፍቶ በ2022 አገልግሎቱ ሲዘጋ ታሪኩም ሙዚቃውም ከተጫዋቹ እጅ ወጣ፤ የ1985ቱ የማሪዮ ካሴት ግን ማሽኑ እስካለ ድረስ ይሠራል። «ፖኬት ካምፕ» የተሻለ ዕድል ገጠመው። በኖቬምበር 2024 የመስመር ላይ አገልግሎቱ ሲቋረጥ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያዝ ሙሉ ቅጂ ሆኖ ወጣ፤ የቅጠል ቲኬት በገንዘብ መግዛት ቀረ፣ ዛፉም ዓሣውም ባለበት ቆየ። ጓደኛ የጓደኛውን ሰፈር ገብቶ የሚጎበኝበት ሥርዓት ግን አብሮ ተዘግቷል።