ኢፍ ያለበትን ኮድ አታወድሱ

የማስተርስ ዲፌንስ ላይ ተቀምጬ ከምሰማው ሁሉ የሚያበሳጨኝ ለስላሳ ግራፍ ሲሞገስ ነው። ተማሪው የኤሌክትሪክ ምጣድን እንደ አንድ አካል ቆጥሮ ሙቀቱን በኮምፒዩተር አስልቶ ያቀርባል። ምጣዱ ይበራል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይበራል፤ የሙቀቱ መስመር ግን አንዲት ስብራት ሳይታይበት እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ይወርዳል። ፈታኞቹም "ንጹህ ሥራ ነው" ይላሉ። ምኑ ነው ንጹህ? ማብሪያው ሲነካ ሙቀቱ ራሱ ባይዘልም የሚለወጥበት ፍጥነት ይዘላል፤ ስለዚህ መስመሩ ላይ ጥግ መታየት አለበት። ጥጉ ከተድበሰበሰ ስሌቱም ተድበስብሷል።

አሃዶቹ ይስማማሉ ወይ፣ የመነሻው ሙቀት ተሰጥቷል ወይ የሚለውን እዚህ አላነሳም። እሱን ያልፈተሸ ሰው ዲፌንስ ባይገባ ይሻለዋል።

እኔ ከግራፉ በፊት ኮዱን አያለሁ፤ ከኮዱም እኩልታው የተጻፈበትን ፋንክሽን ብቻ። እዚያ ውስጥ "ሰዓቱ እዚህ ከደረሰ ኃይሉን አብራ" የሚል ኢፍ ካገኘሁ የቀረውን ለማንበብ ልቤ አይነሳሳም። ሰው ግትር ይለኛል፤ ይበል። ምክንያቴ በወረቀት ላይ የሚታይ ነው።

ሩንገ በ1895 የጀመረውንና ኩታ በ1901 መልክ ያስያዘውን የአራተኛ ደረጃ ዘዴ የማያውቅ የለም። በአንድ እርምጃ ውስጥ የለውጡን ፍጥነት አራት ጊዜ ይጠይቃል፤ መጀመሪያው ላይ አንዴ፣ መሃሉ ላይ ሁለቴ፣ መጨረሻው ላይ አንዴ። እርምጃውን በግማሽ ስትቀንሱ ስህተቱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል ተብሎ ይማላል። መሐላው የሚሠራው ግን ፍጥነቱ የማይዘል ከሆነ ነው።

በጣም ቀላሉን እኩልታ ውሰዱ፤ የለውጡ ፍጥነት እስከ 0.36 ድረስ ዜሮ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ነው። በ0.4 ላይ መልሱ 0.04 መሆኑን ልጅም ያውቃል። አሁን በኢፍ አስሉት። በ0.1 እርምጃ 0.0167 ይወጣል። በ0.05 እርምጃ 0.0417 ይወጣል፤ ስህተቱ 14 እጥፍ ስለወረደ ተማሪው "ተጠጋሁ" ብሎ ያቆማል። በ0.025 ቢሞክረው 0.0458 ያገኝ ነበር። እርምጃው አጠረ፣ ስህተቱ ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ። ሁለተኛው መልስ ጥሩ የመሰለው ዝላዩ ከእርምጃው መሃል በየት በኩል እንደወደቀ ባመጣው አጋጣሚ ነው።

ትንሽ የነቃው ደግሞ "እርምጃዬ ልክ ዝላዩ ላይ እንዲያርፍ አድርጌያለሁ" ይለኛል። እሺ፤ ዝላዩን 0.4 ላይ አድርጉት። ከ0.3 እስከ 0.4 ምንም አልበራም፤ መልሱ ዜሮ ነው። ኢፉ ግን የእርምጃው መጨረሻ ላይ ሲጠየቅ "በርቷል" ብሎ ይመልሳል፤ ለመጨረሻው ጥያቄ የሚደርሰውን የእርምጃውን አንድ ስድስተኛ ይጨምርና 0.0167 ያወጣል። ያልተቃጠለ መብራት ተቆጠረ ማለት ነው! ስህተቱም እስከ መጨረሻው ተሸክመውት የሚሄዱት ነው።

ስለዚህ ጊዜው ይቆረጣል። እስከ ዝላዩ ድረስ አሮጌው ግብዓት ቋሚ ቁጥር ሆኖ ይሰጣል፤ እዚያ ይቆማል፤ የመጨረሻው ዋጋ ለሚቀጥለው ክፍል መነሻ ሆኖ በአዲሱ ግብዓት እንደገና ይጀመራል። በጥሩ ሥራ ሠንጠረዥ ላይ የዝላዩ ሰዓት ሁለት ጊዜ ተጽፎ ይገኛል፤ ከአሮጌው ግብዓት ጋር አንዴ፣ ከአዲሱ ጋር አንዴ። ያለፉትን እርምጃዎች እያስታወሱ የሚሄዱት የአዳምስ ዘዴዎችማ ትዝታቸውን እዚያ ጥለው ካልተነሱ ምንም አይረቡም።

ይህን ያስተማሩን መምህር ከማንኛውም ስሌት በፊት የሰዓት መስመር ያሰምሩና ማብሪያው የሚነካባቸውን ቦታዎች በቀይ እስክሪብቶ ይቆርጧቸው ነበር። ከእያንዳንዱ ቁራጭ በላይ የግብዓቱን ቁጥር ይጽፋሉ። ግራፍ ይዞ የመጣን ተማሪ "መጀመሪያ ሠንጠረዡን" ብለው ይመልሱታል። ሠንጠረዡ ሲመጣ ቀይ መስመሮቹን አንድ በአንድ እየፈለጉ በጣታቸው ይወርዳሉ፤ አንዱ ከጎደለ ወረቀቱን አጥፈው ይሰጡታል፤ አይናገሩም። ካልኩሌተራቸው ቁልፎቹ የተላጡ ነበሩ፣ ግን እንዲያ ሲሠሩ ከእሳቸው የተሻለ አላየሁም።

"የማትላቡ ፈቺ ኦዲኢ45 እርምጃውን ራሱ ያስተካክለዋል" የሚሉኝ አሉ። እሱ የቆመበት፣ ዶርማንድና ፕሪንስ በ1980 ያወጡት ቀመር ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ቅሬታዬ አምኖ በሚተኛው ላይ ነው። ሳይፓይ የተባለውን የስሌት ላይብረሪ ተመሳሳይ ዘዴ በነባሪ ቅንብሩ ተጠቀሙና ከባዶ የሚነሳ፣ ከመጠኑ ጋር እኩል በሆነ ፍጥነት የሚቀንስ መድኃኒት ከ0 እስከ 40 አስሉ፤ መድኃኒቱ በአንድ ፍጥነት የሚገባው ከ20 እስከ 20.1 ብቻ ይሁን። ትክክለኛው መልስ 20.1 ላይ 0.095 ያህል ይደርሳል። ፈቺው ግን ምንም የማይለወጥ ነገር ሲያይ እርምጃውን አሥር አሥር እጥፍ እያሳደገ ይሮጣል፣ ያንን ምት ሳያየው ይዘለዋል፣ ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ይሰጣል። ሕመምተኛው ተወግቷል፤ ኮምፒዩተሩ አልሰማም። የስህተት መልእክት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም።

ትልቁን እርምጃ መገደብ ፋሻ ነው፤ ቁስሉን ይሸፍናል። ዝላዩን በታንጀንት ሃይፐርቦሊክ ማለስለስ ደግሞ ጥያቄውን ቀይሮ መመለስ ነው፤ ተማሪው የማለስለሻውን ስፋት ከየት እንዳመጣው ጠይቁት፣ ዝም ይላል።

የዝላዩ ሰዓት አስቀድሞ የማይታወቅበት ጊዜም አለ። ቴርሞስታት ያለው ምጣድ የሚጠፋው ሙቀቱ ሲደርስ ነው፤ ዳዮድም የሚዘጋው በውስጡ የሚያልፈው ጅረት ዜሮ ሲሆን ነው። እዚህ ጥሩ ሠራተኛ የሙቀቱንና የገደቡን ልዩነት እየተከታተለ ምልክቱ የተቀየረበትን እርምጃ ይይዛል፣ ዜሮ የሆነበትን ቅጽበት አጥብቦ ያገኛል፣ እዚያ ይቆርጣል። ማትላብም ሳይፓይም ለዚህ የተዘጋጀ መንገድ አላቸው፤ ሰነፍ ነው የማይጠቀምበት።

ቴርሞስታቱ የሚበራበትና የሚጠፋበት ሙቀት አንድ ሆኖ ከተጻፈ ግን ፈቺው ገደቡ ላይ ቆሞ ያበራል፣ ያጠፋል፣ ያበራል፤ እርምጃው እየጠበበ ሰዓቱ መሄዱን ያቆማል። የሶቪየቱ ሒሳብ ሊቅ ፊሊፖቭ እንዲህ ያለ መፍትሔ በገደቡ ላይ እየተንሸራተተ እንዴት እንደሚቀጥል ሥርዓት አውጥቶለታል፤ የምጣድ ሥራ ግን እዚያ ድረስ አያደርስም። እውነተኛ ቴርሞስታት ሁለት ቁጥር አለው፣ የሚበራበት ዝቅ ያለ፣ የሚጠፋበት ከፍ ያለ። አንድ ቁጥር ብቻ የጻፈ ተማሪ ወደ ዕቃው ሄዶ ሁለተኛውን ለክቶ ይመለስ።