ላዕልና ታሕት

ጋዜጦቻችንና መጽሔቶቻችን የምሁር የሕይወት ታሪክ ሲያወጡ አንድ የታወቀ መልክ አላቸው። እስቲ ቤታችሁ ካለው ክምር አንዱን መዝዛችሁ ተመልከቱ። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ብሎ ይጀምራል። ፊደል የቆጠሩበት ቦታ ይጠቀሳል። «ከልጅነታቸው ጀምሮ ለትምህርት ልዩ ፍቅር ነበራቸው» የምትለዋ ዐረፍተ ነገር ሳትቀር ትመጣለች። ከዚያ ዲግሪ በዲግሪ፣ አገር በአገር ላይ ይደረደራል። የሠሩባቸው ኮሚቴዎች፣ የተካፈሉባቸው ጉባኤዎች፣ የልጆቻቸው ብዛት ይከተላል። አለቀ። ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ሌሊት እየተነሱ ሲያስቡት የኖሩት ጉዳይ ምን እንደነበር ግን አንድ መስመር ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ነገር ነበር። የሕይወት ታሪክ ዘውግ ነው፤ ዘውግ ደግሞ ጸሐፊው ሳያውቀው እጁን ይመራዋል። የእኛ የጋዜጣ የምሁር ታሪክ ቅርጹን የወረሰው፣ ይመስለኛል፣ ከገድል ነው። በገድል ውስጥ ጻድቁ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ የተመረጠ ነው፤ የሚደርስበት መከራም ሆነ የሚያገኘው ክብር አስቀድሞ የታሰበለት ነው። ገድል የራሱ ዓላማና የራሱ ክብር ያለው ጽሑፍ ነውና እዚያ አያስነቅፍም። ፊዚክስ ወይም ሒሳብ ያስተማረ ሰው ታሪክ ላይ ሲደረብ ግን ልብሱ አልሆን ይላል። ደግሞም ገድል ቢያንስ ጻድቁ ምን እንደሠራ ይነግረናል። የእኛዎቹ ይህንንም ትተውታል።

ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው በአንድ ሙያ ላይ ነው፦ በፕሮባብሊቲ ሰዎች ላይ። የአጋጣሚን ሒሳብ ሲያጠና የኖረን ሰው ታሪክ አጋጣሚ የሚባል ነገር እንዳልነበረ አድርጎ መጻፍ ምን ይሉታል?

እስቲ ከሩቅ እንጀምር። አንድሬ ማርኮቭ እ.ኤ.አ. በ1856 የተወለደ ሩሲያዊ ነው። በሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ የቼቢሼቭ ተማሪ ነበር፤ በኋላም እዚያው ፕሮፌሰር ሆነ። በእኛ አጻጻፍ ቢሆን ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ዋናው ነገር ግን ገና ነው። በዘመኑ ኔክራሶቭ የሚባል ሌላ ሒሳበኛ ነበር። የብዙ ቁጥር ሕግ የሚሠራው ነገሮቹ አንዱ ከሌላው ሳይያያዙ ሲቀሩ ብቻ ነው ባይ ነው። ከዚያም ተነስቶ የወንጀልና የመሰል ነገሮች ቁጥር ከዓመት ዓመት አለመዋዠቁን የሰው ልጅ ነጻ ፈቃድ እንዳለው ማስረጃ አደረገው። ማርኮቭ በዚህ ተናደደ። እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎች የተያያዙ ነገሮችም ለዚሁ ሕግ ሊገዙ እንደሚችሉ አረጋገጠ። ዛሬ የማርኮቭ ሰንሰለት የሚባለው ከዚህ ጠብ የተወለደ ነው። ቀጣዩ እርምጃ አሁን ባለህበት ይወሰናል፤ ከዚያ በፊት የት እንደነበርክ አይጠየቅም።

የሥነ ጽሑፍ ሰው ልቡን የሚሰጠው ደግሞ ለሚከተለው ነው። ማርኮቭ ሰንሰለቱን ለመፈተን እ.ኤ.አ. በ1913 የፑሽኪንን «ዩጂን ኦኔጊን» አነሳ። አዎን፣ እኛ በቅድመ አያቱ በኩል የእኛ ነው የምንለውን፣ አንዳንድ ተመራማሪዎች ግን ዘሩን ወደ ካሜሩን አካባቢ የሚወስዱትን ፑሽኪን። ከመጽሐፉ መጀመሪያ 20,000 ፊደል በእጁ ቆጠረ። አናባቢው 8,638፣ ተነባቢው 11,362 ሆነ። ቀጥሎ የትኛው የትኛውን እንደሚከተል መረመረ። ከአናባቢ በኋላ አናባቢ የመጣው ከመቶ 13 ጊዜ ያህል ብቻ ነው፤ ከተነባቢ በኋላ ግን ከመቶ 66 ጊዜ ያህል። ግጥም ሲቆጠር ነፍሱ ትወጣለች የምትሉ ካላችሁ እኔ አልስማማም። እንዲያውም የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ቅርጽ አዝሎ የሚሄድ በመሆኑ ጥያቄው ይበልጥ ያጓጓል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሳድስን ሳድስ የሚከተለው ስንት ጊዜ ነው? ከራብዕ በኋላስ? ለአንድ መመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ነው።

የሰውዬው ጠባይም ከሒሳቡ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1908 መንግሥት መምህራን ተማሪዎቻቸውን እንዲሰልሉ ሲያዝ እምቢ አለ። በ1912 ቤተ ክርስቲያኒቱ ቶልስቶይን ማውገዟን በመቃወም እኔንም አውግዙኝ ብሎ ጻፈ። በ1913 የሮማኖቭ ሥርወ መንግሥት 300ኛ ዓመቱን በድምቀት ሲያከብር፣ እሱ የበርኑሊ የብዙ ቁጥር ሕግ የታተመበትን 200ኛ ዓመት አከበረ። ሒሳቡን ካልነገሩን ይህ ሰው ነገረኛ ሽማግሌ ብቻ ነው። ሒሳቡ ሲነገረን ግን ከማስረጃው በላይ አንድ ጋት አልሄድም ያለ ሰው መሆኑ ይገባናል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዶክተር ሙሉጌታ በቀለ በሙያቸው ሒሳበኛ ሳይሆኑ የስታቲስቲካል ፊዚክስ ሰው ናቸው፤ ይሁንና ይህ ፊዚክስ የፕሮባብሊቲ የሥጋ ዘመድ ነው። በአሜሪካ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሳቸውን ይዘው መጥተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታሰሩ፤ በእስር ቤትም አብረዋቸው ለታሰሩት ሰዎች ያስተምሩ ነበር። ከተፈቱ በኋላ ሕንድ አገር ባንጋሎር በሚገኘው የሳይንስ ተቋም ዶክትሬታቸውን ሠርተው ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር ለሰብዓዊ መብትና ለትምህርት ነጻነት ላደረጉት ትግል በአንድሬ ሳካሮቭ ስም የሚሰጠውን ሽልማት ሰጣቸው።

ስለ እሳቸው የሚነገረው ይኸው ነው፤ እስርና ሽልማት። ሁለቱም ትልቅ ናቸው። ግን ምን ሲያስቡ ኖሩ? የብራውን ሞተር የሚባለውን። ውሃ ላይ የተነሰነሰ ደቃቅ ብናኝ በማጉያ መነጽር ሲታይ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የማይታዩት የውሃ ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው እየገፉት ይቅበዘበዛል። አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ያስላው ይህንን ነው። ዶክተር ሙሉጌታና ተማሪያቸው የነበሩት መስፍን አስፋው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት የጠየቁት ደግሞ ይህን ነው፤ እንዲህ የሚቅበዘበዝ ነገር የሙቀት ልዩነት ካገኘ፣ መንገዱም ወደ አንድ ወገን ካደላ፣ ሥራ ሊሠራ ይችላል ወይ? ምን ያህልስ? እንግዲህ አስቡት። ዘመን ከወዲያ ወዲህ ያንገላታው ሰው፣ መንገላታት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድበትን ሁኔታ ሲያሰላ። የሳይንስ ሥራ የሕይወት ምሳሌ ነው ማለቴ አይደለም፤ ፊዚክሱ በራሱ ይቆማል። ግን ይህን ያላወቀ አንባቢ ሰውዬውን አውቀዋለሁ ሊል አይችልም።

የዚያ ዘመን እስር ቤት ነቢይ መኮንን በሲጋራ ወረቀት ላይ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን የተረጎመበትም ነው። ይህን ስንሰማ እናጨበጭባለን። አጨብጭበንም ሳንጨርስ «መከራ ያጠነክራል» ወደሚለው ተረት እንገባለን። ይህ ነው እንግዲህ የገድሉ ቅርጽ የሚያመጣው አደጋ። ከዚያ እስር ቤት ፊዚክስ አስተምሮ የወጣውን እንቆጥራለን፤ ፊዚክስ ሊማር እየቻለ ያልወጣውን አንቆጥርም። በክፍልፋይ ትምህርት ላይ ላዕልና ታሕት የሚባሉ ነገሮች እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። እኛ የምንጽፈው ላዕሉን ብቻ ነው። ታሕት የሌለው ቁጥር ደግሞ ስለ ዕድል ምንም አይነግርም።

ነገሩ በደንብ የገባኝ ላንቴ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአባያ ሐይቅ በኩል ያለች የሙዝ አገር ናት። የቀድሞ ወዳጆቼ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። የቤቱ ታናሽ ልጅ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮባብሊቲ ያስተምራል፤ ለዶክትሬት ትምህርት የሚያመለክትበትን ጽሑፍ እንዳርምለት ሰጠኝ። የመጀመሪያዋ መስመር እንዲህ ትላለች፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሒሳብ ልዩ ፍቅር ነበረኝ።»

ጮክ ብዬ ሳነብ አባትየው ሳቁ።

«መምህር፣ እሱ እንኳ ፍቅሩ ለኳስ ነበር» አሉኝ። «ሒሳብስ ይሄኛው ነበር።»

ያሳዩኝ ታላቁን ልጃቸውን ነው። ጓሮ ቆሞ ከነጋዴ ጋር ሙዝ ያስጭናል። ወረቀት አልያዘም። የትኛው ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ የትናንቱ ቀሪ ስንት እንደነበረ፣ ደላላው ስንት እንደሚቆርጥ በቃሉ ይዞ ያወራርዳል። ሰባተኛ ክፍል ሳለ አባትየው ወባ ክፉኛ ጣላቸው። አንድ ሰው ማሳው ላይ መቅረት ነበረበት፤ ታላቁ ቀረ። በዚያው ቀረ።

«ከእኔ በብዙ ይበልጥ ነበር፣ ጋሼ» አለኝ መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ክፍል ውስጥ የማላውቀውን ማታ የሚያሳየኝ እሱ ነው።»

«ታዲያ ይህንን ለምን አትጽፍም?»

«የት ቦታ ላይ? ቅጹ የሚጠይቀው የእኔን ነጥብ ነው። የወንድሜን ነጥብ የሚጠይቅ ሳጥን የለውም።»

መልሱ ትክክል ነው፤ እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። አመልካች ኮሚቴን በቅን ልብ ብቻ አያሸንፍም። ዐረፍተ ነገሩን አቃንቼ መለስኩለት፤ ፍቅሩ ግን እዚያው ቀረ። የጋዜጣ ጸሐፊ ግን ቅጽ ሞልቶ ዶክትሬት የሚለምን ሰው አይደለም። እሱ ምን አስገደደው?

ማርኮቭንም እዚህ ላይ ልሞግተው። ሰንሰለቱ ውስጥ ቀጣዩ እርምጃ የሚወሰነው አሁን ባለህበት ነው። ለፊደል ይህ ይበቃ ይሆናል። የእነዚያ ወንድማማቾች ሕይወት ግን ሁለት ሰንሰለት ሆኖ አንዱ የተቆረጠበት ቦታ ሌላውን አስቀጥሎታል። አንዱን ብቻ ካነበብን ታናሹ በፍቅር፣ ታላቁ በስንፍና የሄዱ ይመስለናል።

ከአንድ ቤት ወጥተን አገሩን ስናይ ቁጥሩ ያስደነግጣል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው፤ ከመቶ 3.3። በቀጣዩ ዓመት ከ845,188ቱ 27,267፤ ከመቶ 3.2። በ2016 ወደ 5.4 ከፍ አለ። ያኔ ብዙ ሰው ያለፉትን ልጆች ፎቶ እየለጠፈ «ከጣሩ ይቻላል» ሲል ሰነበተ። ልጆቹ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ይህ አያከራክርም። ግን የበርኑሊን ሕግ በደንብ አንብቡት። አንድ ሳንቲም ወደ ላይ ስትወረውር ምን እንደሚወጣ ማንም አያውቅም። ሚሊዮን ጊዜ ስትወረውር ግን ውጤቱ የሚነግርህ ስለ ሳንቲሙ አሠራር ነው። ሌሎች 845 ሺህ ልጆች፣ ሌላ ዓመት፣ ሌላ ጥያቄ፣ ውጤቱ ግን ያው ከመቶ ሦስት። ይህ የልጆቹ ጥረት ታሪክ ሊሆን አይችልም። የሳንቲሙ ታሪክ ነው። የመምህሩ፣ የመጽሐፉ፣ የወባው፣ የማሳው ታሪክ ነው።

አንዳንዱ «እንግዲህ ጥረትና ብርታት ዋጋ የላቸውም ልትል ነው?» ይለኝ ይሆናል። የለም። ዶክተር ሙሉጌታ እስር ቤት ውስጥ ማስተማራቸው አጋጣሚ አይደለም፤ የገዛ ራሳቸው ውሳኔ ነው። ማርኮቭ አልሰልልም ማለቱም ውሳኔ ነው። እንዲያውም አጋጣሚውን ከውሳኔው ለይተን ስናስቀምጥ ነው ውሳኔው የሚከብረው። ሁሉም ከማኅፀን የተጻፈ ከሆነ ማንን ስለ ምን እናመሰግናለን? የተመረጠ ሰው ቢጸና ምን ይደንቃል? ሊወድቅ ይችል የነበረ፣ ብዙዎች ሲወድቁ ያየ ሰው ሲጸና ግን ይደንቃል።

እንግዲህ የምሁር ታሪክ ለምትጽፉ የሙያ ጓደኞቼ የምለው አጭር ነው። በመጀመሪያ ሰውዬው ምን እንዳሰበ ጠይቁ፤ ካልገባችሁ እስኪገባችሁ ጠይቁ። የፑሽኪንን ፊደል መቁጠር፣ የብናኝን መቅበዝበዝ መለካት በአማርኛ ሊነገር የማይችል ነገር አይደለም። ቀጥሎ በየትኛው መታጠፊያ ላይ ታሪኩ ሌላ ሊሆን ይችል እንደነበር ጠይቁ። «ከልጅነታቸው ጀምሮ» የምትለዋን ሐረግም ለአንድ ዓመት አሳርፏት። በመጨረሻም አብሯቸው ጀምሮ የቀረው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ስሙን ካገኛችሁ ጻፉት፤ ካላገኛችሁ ቁጥሩን ጻፉት። የላንቴው ወጣት ቅጽ ላይ ለወንድሙ ሳጥን አልነበረም። የእኛ ዓምድ ላይ ግን ሳጥን የሚሠራልን ሌላ ሰው የለም፤ የምንሠራው እኛው ነን።