የአሥራ ስምንቱ ዜሮ ነገር

ጃቫስክሪፕት መማር በጀመርሁበት ወራት፣ ሰፖሊያ በሚባለው የኢተሪየም የሙከራ መረብ ላይ ለመለማመጃ ካወጣሁት ቶከን 25ቱን ከአንዱ አድራሻዬ ወደ ሌላው እልክ ዘንድ ትእዛዙን ጽፌ ብሰድድ፣ የግብይቱ መለያ ወዲያው መጣልኝ፤ መለያው መላኩን እንጂ መፈጸሙን አያስረዳምና ደረሰኙን ብጠብቅ፣ እርሱም ጥቂት ቆይቶ «ስታተስ 1»፣ ማለትም ተፈጽሟል፣ የሚል ቃል ይዞ ወጣ። የተቀባዩን ዋሌት ስከፍት ግን ከዜሮ በቀር የሚታይ አልነበረም። ግብይቱ ከሽፎ ቢሆን ኖሮ የስሕተቱን መልእክት አንብቤ መላ በፈለግሁ፤ ተፈጽሟል እያለ ባዶ እጁን የሚያሳይ ግን ለጀማሪ ከሁሉ የከፋ እንቆቅልሽ ነው።

ጥፋቱን አንድ ጊዜ በመረቡ፣ አንድ ጊዜ በዋሌቱ እያላከክሁ ሁለት ሌሊት ካሳለፍሁ በኋላ፣ በደረሰኙ ውስጥ ያለውን «ትራንስፈር» የተባለ መዝገብ ገልጬ ባይ፣ መጠኑ 25 ተብሎ ተጽፏል፤ ንባቡ ቀንቶ ትርጓሜው ጠፍቶኝ ኖሯል። ፋቢያን ፎገልሽቴለርና ቪታሊክ ቡተሪን በ2015 ባቀረቡት በኢአርሲ-20 የቶከን ሥርዓት፣ ቶከኑን የሚያስተዳድረው ኮንትራት ደቃቁን ክፍል በሙሉ ቁጥር ይቆጥራል እንጂ ነጥብ ያለበት ቁጥር አያውቅም፤ ለሰው ዓይን እንዲመች አካፍሎ የሚያሳየው «ዴሲማልስ» የሚባለውን ቁጥር ጠይቆ ዋሌቱ ነው። የእኔ ቶከን ዴሲማልስ 18 ስለ ነበረ፣ የላክሁት አንዱ ቶከን በ1,000,000,000,000,000,000 ቢከፈል ከሚገኘው ደቃቅ እጅ 25ቱን ብቻ ነበር። ዕለትን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስንም በ60 ካልዒት የሚከፍል የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ካልዒቱን ዕለት ብሎ ቢቆጥር መምህሩ ምን ይለው እንደ ነበር አንባቢ ይገምት።

እንግዲያስ በ10 ኃይል 18 ላባዛው ብዬ ብነሣ ደግሞ ኢተርስ የተባለው ላይብረሪ «ኦቨርፍሎው» ብሎ መለሰኝ፤ የጃቫስክሪፕት ተራ ቁጥር ሙሉ ቁጥርን ሳያዛባ የሚሸከመው እስከ 9,007,199,254,740,991 ነውና። ለዚሁ ቢግኢንት የሚባል የቁጥር ዓይነት አለ፤ ይልቁንም «ፓርስዩኒትስ» የሚባለው ተግባር መጠኑን በጥቅስ ምልክት ውስጥ እንዳለ ጽሑፍ ተቀብሎ ራሱ ያሰላዋል። ዴሲማልሱን ግን ኮንትራቱን ጠይቆ መያዝ ይገባል፤ በኢተሪየም ላይ የዩኤስዲሲ 6 ስለ ሆነ፣ 18 መስሎት 25 ሊልክ የተነሣ ሰው 25 ትሪሊዮን ላክ ብሎ ያዛል፤ ኮንትራቱም ቀሪ ሂሳብህ አይበቃም ሲል ይመልሰዋል። ይህ ስሕተት ከእኔው ይሻላል፤ ቢያንስ ይጮኻል።

በሦስተኛው ሌሊት አስተካክዬ ላክሁ። ዋሌቱ 25 ይላል፤ በኮንትራቱ መዝገብ ግን በዚያው አድራሻ ስም 25,000,000,000,000,000,025 ተጽፎ ይገኛል።