የመንግሥት ሥራ ፍሬ አለውን?

ሰው የሚበላውን እንጀራ ማን እንዳወጣው ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ባለፈው መኸር የጡረታ ገንዘቤን ተቀብዬ በአዴት ገበያ ሳልፍ፣ አንድ ጎረቤቴ ገበሬ «መምህር፣ እኔ ጤፍ አወጣለሁ፤ አንቱ በዚያ ሁሉ ዘመን ምን አወጡ?» አለኝ። መልስ ስላጣሁ አፈርሁ።

ይህን ጥያቄ ሊቃውንትም ጠይቀውታል። የእስኮትላንዱ አዳም ስሚዝ በ1776 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ሕዝቦች ሀብት በጻፈው መጽሐፍ ሥራን በሁለት ከፈለ። የእጅ ባለሙያ ድካም በሚሸጥ ዕቃ ላይ ስለሚቀር ፍሬ ያለው ነው፤ የአሽከር አገልግሎት ግን በተሠራበት ቅጽበት ስለሚጠፋ ፍሬ የለውም አለ። ንጉሡን፣ ዳኛውንና ወታደሩንም ከአሽከሩ ጋራ ደመረ። በውነቱ አይጠቅሙም አላለም፤ ከሌላው ሰው ምርት ይመገባሉ አለ እንጂ።

ይህ ቃል ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ያለበት አገር ሹመትን ከመብል ለይቶ አላየም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር እንቢ ያለው ርስቴ ይለካል ብሎ ስለ ሰጋ ነበር፤ እንደሚመስለኝ ግን፣ የሚወሰድበትን እንጂ የሚመለስለትን አላየም ነበርና ነው።

ዳሩ ግን የስሚዝ አከፋፈል አንድ ጉድለት አለበት። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሀብት እንደማይኖረው አስተምረዋል። ዕውቀት ሀብትን ካበዛ፣ ዕውቀትን የሚዘራ ሰው እንዴት ፍሬ ቢስ ይባላል? በዚሁ በአዴት የእርሻ ምርምር ማዕከል የመንግሥት ደመወዝተኞች ዘንገናና ጓሳ የተባሉትን የድንች ዝርያዎች አውጥተዋል። ተመራማሪው በገበያ ድንች አይሸጥም፤ ሥራው ግን በገበሬው ማሳ ይታያል።

እንግዲህ የመንግሥት ሥራ ሁሉ ፍሬ አለው ልንል ነውን? አይደለም። የዛሬ የአገር ገቢ ቆጣሪዎች የመንግሥት አገልግሎት በገበያ ስለማይሸጥ፣ የሥራውን ዋጋ በወጪው፣ ይልቁንም በደመወዙ ይተምናሉ። ይህ ከስሚዝ ስሕተት ይብሳል። ያው ጎረቤቴ ለመሬት ደብተር ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ሄዶ፣ ሦስት ጊዜ «ነገ ና» ተብሎ ተመለሰ። በሬዎቹ ሦስት ቀን ቆመው ዋሉ። በሂሳቡ መዝገብ ግን «ነገ ና» ያለው ጸሐፊና ጉዳይ የፈጸመው ጸሐፊ፣ ደመወዛቸው እኩል ከሆነ ምርታቸውም እኩል ነው!

አንባቢ ሆይ፣ እኔ የምለው ሚዛኑ የገበሬው ቀን ይሁን ነው። የገበሬን ቀን ያተረፈ ሠራተኛ አምርቷል፤ ቀኑን የበላበት ግን እህሉን ከጎተራው እንደ ወሰደ ይቈጠር።

በዚህ ሚዛን ራሴንም መዘንሁ። የጎረቤቴ ልጅ ሒሳብ የተማረችው ከእኔ ነው፤ ዛሬ አባቷ እህል ሲሸጥ ሚዛኑን አንብባ ዋጋውን የምታሰላለት እርሷ ናት። ይህን አምርቻለሁ። ነገር ግን ትምህርቱን ሳላሰናዳ ከክፍል ገብቼ ሰዓቱን በወሬ ያሳለፍሁባቸው ቀኖች ነበሩ። የእነዚያን ቀኖች ደመወዝ እርሱ ከፍሎኛል፤ እኔ ግን አልከፈልሁትም።