ሦስት የባሕር ጉዞ ፊልሞች ከሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ ሲታዩ



ባለፉት ሦስት ቅዳሜዎች ማታ የኖርዌይ ተወላጅ የሆነው የቶር ሄየርዳል ሦስት የባሕር ጉዞ ፊልሞች በሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ታይተዋል። ለጄኔሬተሩ ነዳጅ እያዋጣን፣ ፊልሙን በየመካከሉ እያስቆምን እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስን፣ ከፊት የተቀመጡትን ልጆች «ዝቅ በሉ» እያልን እስከ እኩለ ሌሊት አመሸን። ከዚያ ወዲህ በውኃውም ሆነ በራሽኑ ወረፋ ላይ የሚሰማው ክርክር ስለ እነዚሁ ፊልሞች ሆኗል። አንድ ወጣት «ወዶ የሚሄድ ሰው መንገድ ምኑ ይታያል? እኛ በረሃውን ስናቋርጥ ካሜራ የያዘ ማን ነበረ?» ብሎ ሲናገር ብዙ ሰው አጨበጨበለት። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በጭብጨባ ብቻ የሚያልቅ ስላልመሰለን በዚህ ቅጠል ላይ ሐሳባችንን ለመግለጥ ተነሣን። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን እንናዘዝ፤ ፊልሞቹ አስደስተውናል። ያለ መውጫ ፈቃድ ከኬላው ማለፍ ለማይችል ሰው ዳር የሌለውን ባሕር ሁለት ሰዓት ሙሉ ማየት ትንሽ ነገር አይደለም። ታሪክና ጉዞ የሚያሳይ ፊልም የመጀመሪያ ሥራው ማስደሰት ነው፤ ካላስደሰተ ማንም ቁጭ ብሎ አይማርበትም። የምንከራከረው ከደስታው በኋላ ምን ይዘን ተነሣን በሚለው ላይ ነው።

የመጀመሪያው «ኮን-ቲኪ» ይባላል። በ1947 ዓ.ም. ኤፕሪል 28 ቀን ሄየርዳልና አምስት ጓደኞቹ ዘጠኝ የባልሳ ግንዶች ያለ ምስማር በገመድ ብቻ ጠፍረው ከፔሩ የካላኦ ወደብ ተነሡ። ነፋሱና የባሕሩ ፍሰት 6,900 ኪሎ ሜትር ያህል ወሰዳቸው። በ101ኛው ቀን ራሮያ ከምትባለው የፖሊኔዥያ ደሴት አጠገብ ግንዶቹ ከባሕሩ ቋጥኝ ጋር ተላተሙ፤ ሰዎቹ ግን ሁሉም በሕይወት ወጡ። ከዚያ የተገኘው ፊልም በ1950 ወጥቶ ኦስካር የተባለውን የአሜሪካ ሽልማት አግኝቷል።

ምስሉን ያየ ሰው «የተሸለመው ይኸ ነው ወይ?» ሊል ይችላል። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ይደበዝዛል፤ ይወላገዳል። ሙያተኛ ፊልም አንሺ አብሯቸው አልነበረምና አደጋው ሲበረታ ካሜራው ዝም ይላል። ካሜራ የሚይዘው እጅ ያን ጊዜ ገመድ ይዟል። በእኛ አስተያየት የፊልሙ ክብር እዚህ ላይ ነው። ሰዎቹ ሻርክ በጭራው ይዘው ሲጎትቱ፣ ሌሊት ዘሎ የወደቀላቸውን የሚበር ዓሣ ለቁርስ ሲጠብሱ፣ የሚታየው ሁሉ በእርግጥ የሆነ ነገር እንደ ሆነ እናውቃለን። ዛሬ ከሰማይ በድሮን የሚነሡት የጀብዱ ፊልሞች ከዚህ ይልቅ ያማሩ ናቸው። ነገር ግን በአንዱ ውስጥ ተጓዡ በበረሃ መካከል ቆሞ «ብቻዬን ነኝ፣ ማንም የለኝም» እያለ እንባውን ሲጠርግ፣ ከኋላ አግዳሚ የተቀመጠ ልጅ «ታዲያ ካሜራውን ግመሉ ነው የያዘለት?» ቢል ሳቁ እስከ ወፍጮ ቤቱ ተሰማ።

ይህን ስንል ፊልሙ የሚከራከርለትን ነገር ሁሉ እንቀበል ማለታችን አይደለም። ሄየርዳል የፖሊኔዥያን ደሴቶች መጀመሪያ ያቀኑት ከደቡብ አሜሪካ የተነሡ ሰዎች ናቸው ይል ነበር። የቋንቋ፣ የቁፋሮና የዘር ጥናት ግን ሰፋሪዎቹ ከእስያ በኩል እንደ መጡ አሳይቷል። እርግጥ ነው፣ በ2020 ዓ.ም. የወጣ የዘር ጥናት የፖሊኔዥያና የደቡብ አሜሪካ ሕዝቦች በ1200 ዓ.ም. ገደማ ተገናኝተው እንደ ነበረ ስላመለከተ ሰውየው ጨርሶ ባዶ እጁን አልቀረም። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን «ይቻላል» ማለትና «ተደርጓል» ማለት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ለተማሪ ማስጨበጥ ትልቅ ድካም ነበር፤ ያን ጊዜ ይህ ፊልም በእጃችን ቢኖር አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃን ነበር። ሌላው ነገር ከዚህ ይብሳል። በመጽሐፎቹ ውስጥ ለእነዚያ አገሮች ሥልጣኔን ያስተማሩ ነጫጭ ጢማም ሰዎች ነበሩ የሚል ሐሳብ አለ። ይህ ዜማ ለእኛ ለአፍሪካውያን አዲስ አይደለም። በ1871 ዓ.ም. ካርል ማውክ የተባለ ጀርመናዊ የታላቋ ዚምባብዌን ግንብ አይቶ፣ የአገሬው ሰው ሠራው ለማለት ስላልደፈረ፣ ከንግሥተ ሳባ ጋር አያይዞት ነበር።

የሁለተኛው ቅዳሜ ፊልም «ራ» ነው። ከሦስቱ አብልጠን የወደድነው ይህንኑ ነው። ሄየርዳል ጥንታውያን ሰዎች በደንገል ታንኳ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ ነበር ወይ የሚለውን ለመፈተን አሰበ። በግብፅ የዓባይ ዳር ደንገሉ ጠፍቶ ነበርና ከጣና ሐይቅ አስቆርጦ አስጫነ፤ ታንኳይቱንም በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ሠሯት። ደንገሉ የጣና መሆኑን ስንናገር ሻይ ቤቱ በፉጨት ተናወጠ።

ከጣና ዳር የመጡ አንድ አባት ግን አላፏጩም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ታንኳ ከውኃ ወጥታ ፀሐይ ላይ ካልቆመች ትጠጣለች፤ የጠጣች ታንኳ ደግሞ ድንጋይ ናት» አሉ። ከዚያ በኋላ ፊልሙን ያየነው በእርሳቸው ዓይን ነው። ውኃው ከፍ ባለ ቁጥር ሁላችንም ወደ እርሳቸው እንዞር ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ሜይ 25 ቀን ሰባት ሰዎች በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሡ፤ ከሰባት አገሮች የተውጣጡ ናቸው፤ አንድ ጦጣና አንድ ዳክዬም አብረዋቸው ነበሩ። ጥቂት ሳይቆይ የታንኳይቱ የኋላ ጫፍ ይሰምጥ ጀመር። ምክንያቱ መተረክ የሚገባው ነው። በጥንት ግብፃውያን ሥዕል ላይ ከተቆለመመው የኋላ ጫፍ ወደ ወለሉ የሚወርድ አንድ ገመድ ይታያል። ሄየርዳልና ሠሪዎቹ ገመዱ የጫፉን ቅርጽ ብቻ የሚይዝ መስሏቸው ተዉት። የሐይቅ ታንኳ እንዲህ ያለ ገመድ አያስፈልገውም፤ የውቅያኖስ ማዕበል ግን ሌላ ነው። ያ ገመድ የኋላውን ጫፍ ቀና አድርጎ የሚይዝ፣ ማዕበሉ ሲመታው የሚለጠጥ ጅማት ኖሯል! ሥዕሉን የሣለው ሰው ካለፈ ሺህ ዓመታት በኋላ የገመዱ ጥቅም የተገለጠው ገመዱ በመጥፋቱ ነው። ታሪክን በሥዕልና በጽሑፍ ብቻ ለምናስተምር ሰዎች ይህ ብዙ ይነግረናል።

ስምንት ሳምንት ያህል ተጉዘው፣ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄዱ በኋላ፣ ደሴቶቹ ሊደርሱባቸው ትንሽ ሲቀር ታንኳይቱ ተበተነች፤ ሰዎቹ ወደ ረዳት ጀልባ ተዛወሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ደብቆ ሁለተኛውን ጉዞ ብቻ ባሳየን ነበር። ሄየርዳል ግን ውድቀቱን በፊልሙ ውስጥ አስገባው። በዓመቱ ከቦሊቪያ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ባለሙያዎች «ራ ሁለት»ን በሌላ ዘዴ ጠፍረው ሠሩለትና በ1970 ዓ.ም. ሜይ 17 ቀን ከዚያው ወደብ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባ። የወደቀበትን ፈተና ወረቀት ለክፍሉ የሚያሳይ ተማሪ ስንቶቻችን አይተናል?

ነቀፋም አለን። የሰባቱ መርከበኞች ስም በዓለም የታወቀ ነው፤ የቻዱ አብዱላይ ጅብሪን እንኳ ከእነርሱ አንዱ ነበር። ደንገሉን ውኃ ውስጥ ቆመው የቆረጡት፣ ያሰሩትና የተሸከሙት የጣና ሰዎች ግን ከመርከበኞቹ ዝርዝር አይገኙም። አባት ሆዬም ፊልሙ ሲያልቅ የጠየቁት ይህንኑ ነው። «ለቆራጮቹ ስንት ከፈሏቸው?» አሉ። የምንመልሰው አልነበረንም።

አሁን ከፊልሙ ትንሽ ወጣ እንበል፤ ይህን ጽሑፍ በችኮላ ያስጀመረን ነገር አለና። ከማታ ትምህርት ተማሪዎቻችን አንዱ «እነርሱ በሣርና በግንድ ይህን ያህል ቀን ከቆዩ የእኛ ባሕር እኮ የአንድ ሌሊት ነው» አለ። በቀልድ መልክ ነው የተናገረው፤ ዓይኑ ግን አይቀልድም ነበር። ለእርሱና ለጓደኞቹ የምንለው ይህ ነው። «ኮን-ቲኪ» የመገናኛ ሬዲዮ ነበራት። የመጀመሪያዪቱ «ራ» ስትበተን የሚደርስላት ጀልባ ነበረ፤ በሬዲዮ ተጠርቶ መጣ። ሰዎቹ ፓስፖርት በኪሳቸው ነበረ፤ በደረሱበት ወደብ የጠበቃቸው አበባ እንጂ እስር ቤት አይደለም። ደላላው የሚጭንህ ጀልባ ከእነዚህ አንዱም የለውም። ፊልሙ ይህን አይነግርህም። ያልነገረህም ለመዋሸት ፈልጎ ሳይሆን አንተ ትመለከተዋለህ ብሎ ስላላሰበ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው በመካከል አቁሞ መናገር ነበረበት። እኛ በዚያ ሌሊት ስለ ገመድና ስለ ነፋስ ስንተረጉም ይህን አለመናገራችን ጥፋታችን ነው፤ ዛሬ እዚህ እንጽፈዋለን።

ከ«ራ» መርከበኞች መካከል ዩሪ ሴንኬቪች የሚባል ሶቪየታዊ ሐኪም ነበረ። ይህ ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ ከ1973 ጀምሮ በ2003 እስኪሞት ድረስ ሠላሳ ዓመት «የፊልም ተጓዦች ክበብ» የተባለውን የቴሌቪዥን ፕሮግራም መርቷል። ተመልካቾቹ ያን ዘመን የመውጫ ቪዛ ካልተሰጣቸው ከአገራቸው መውጣት የማይችሉ ሚሊዮኖች ነበሩ፤ ዓለምን በየሳምንቱ በእርሱ ዓይን ያዩ ነበር። እኛም የዚያ ክበብ አባላት ነን ብንል ማጋነን አይሆንብንም። እንዲህ ላለው ተመልካች የጉዞ ፊልም ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ያጽናናዋል፣ ወይ ያስቀናዋል። አንዳንድ ማታ ሁለቱንም ያደርጋል።

ሦስተኛው ስለ «ቲግሪስ» ጉዞ የተሠራው የቴሌቪዥን ፊልም ነው። ስለ ጨዋታው ከሆነ ከሦስቱ ይህ ይደክማል፤ ይረዝማል፤ ነፋስ መጠበቅ ይበዛበታል፤ ከመካከሉ ላይ አግዳሚው ግማሽ ባዶ ሆነ። የቀረነው ግን አልተጸጸትንም። በ1977 ዓ.ም. መጨረሻ አሥራ አንድ ሰዎች ከኢራቅ በሸምበቆ ታንኳ ተነሥተው በባሕሬን፣ በኦማንና በፓኪስታን አድርገው ወደ ቀይ ባሕር መግቢያ ደረሱ። እዚያ ግን ጉዞው ወደ እኛው ታሪክ ገባ። በኦጋዴን ጦርነት ነበረ፤ ምፅዋ በውጊያ ተከባ ነበር፤ በባሕሩ ላይ የኃያላን የጦር መርከቦች ይመላለሱ ነበር። ከጅቡቲ በቀር የሚያስጠጋቸው ወደብ ጠፋ። በ1978 ዓ.ም. ኤፕሪል 3 ቀን ደኅና ተንሳፍፋ የነበረችውን ታንኳቸውን በጅቡቲ ባሕር ላይ በእጃቸው አቃጠሉ። ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ለኩርት ቫልድሃይም በጻፉት ግልጽ ደብዳቤም በኢንዱስትሪ የበለጸጉት አገሮች ወደዚህ አካባቢ የሚልኩትን መሣሪያ እንዲያቆሙ ለመኑ።

በሌሎቹ ሁለት ፊልሞች የብስ ማለት መነሻና መድረሻ ብቻ ነው። በዚህኛው የብሱ ላይ ሰው አለ፤ ጠመንጃም አለ፤ ተጓዡም አላየሁም ብሎ አላለፈም። ለዚህ ሄየርዳልን እናከብረዋለን። ነገር ግን አሥራ አንዱም ከእሳቱ በኋላ ወደየአገራቸው ሄዱ፤ መሣሪያውም መምጣቱን አልተወም። ያ ወጣት «ካሜራ የያዘ ማን ነበረ?» ያለው ስለ ሌላ መንገድ ቢሆንም፣ በዚህ ቦታ ጥያቄው እንደገና ይነሣል።

ነበልባሉ ሸራውን ሲበላ ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። በኦቦክ በኩል አልፈው የመጡ፣ ልጃቸውን በዚያ ባሕር ያጡ አንዲት እናት ከጥግ ሆነው «ይህን የሚያህል ታንኳ ከሚያቃጥሉት ለሰው ቢሰጡት ምን ነበረበት?» አሉ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ዝም አለ። ሄየርዳል በ2002 ዓ.ም. ሞቷልና ጥያቄያቸውን ተርጉመን የምንልክለት የለም። ጄኔሬተሩን አጠፋን፤ አግዳሚዎቹን በጨለማ ወደ ውስጥ አስገባን፤ እናቲቱንም ሁለት ተማሪዎች በባትሪ እያበሩላቸው እስከ ድንኳናቸው ሸኟቸው።