ዘሯ ከመታወቁ በፊት

ጨረቃ ስትሞላ ወደ ተኩላ ስለሚለወጡ ሰዎች የተጻፈ የፍቅር ልብ ወለድ ሁሉ «ግሩም ነው» ሲባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። የቋንቋው ጥራት፣ የታሪኩ ፍሰት፣ የመሳሳሙ ልክ ለማንም ግልጽ ስለሆነ አልደክምበትም። እኔ የማየው ሌላ ነው።

ዘመዶቿ ያባረሯት፣ ከሰው የማይቆጥሯት ልጅ ወደ ባዕድ መንጋ ትጠጋለች። እስከዚህ ሁሉም አንድ ነው። መሃል ላይ ግን ምስጢር ይወጣል፤ ለካ የነገሥታት ዘር ኖራለች፣ ለካ በስንት ዘመን አንዴ የምትወለደው ነጭ ተኩላ እሷ ናት! የናቋት ይንበረከካሉ፣ አለቃው ይወዳታል፣ አንባቢ ያለቅሳል። ይህ መጽሐፍ ከሥሩ የበሰበሰ ነው። ልጅቷ በራሷ ክብር እንዳላት ሊያሳየን ተነስቶ ክብሩን ለዘሯ ሰጠው። ምስጢሩ ባይወጣ ኖሮ ንቀቱ ልክ ነበር ማለት ነው፤ ያባረሯትም በደለኞች ሳይሆኑ ግምት የሳቱ ሰዎች ብቻ ይሆናሉ።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ምስጢሩ የሚፈታበትን ምዕራፍ ፈልጉና ወደ ኋላ ግለጡ። ከዚያ በፊት ማን አበላት? መኝታውን ማን ለቀቀላት? ማንም ከሌለ መልሱት። ይህን ያስተማሩኝ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ይሸጡ የነበሩ አዛውንት ናቸው። መጽሐፍ ሳወድስላቸው «እራት የበሉበትን ገጽ አሳየኝ» ይሉኝ ነበር። ካጣሁት ዋጋ ብጨምርም አይሸጡልኝም ነበር።

ገጣሚዋ ማሪ ደ ፍራንስ በ12ኛው ክፍለ ዘመን «ቢስክላቭሬ»ን ስትገጥም ይህን አሳምራ ታውቀው ነበር። ሚስቱ ልብሱን አሰርቃበት ተኩላ ሆኖ የቀረ ባላባት፣ ለአደን የወጣውን ንጉሥ እግር ይስማል። ንጉሡ ማንነቱን ሳያውቅ ውሾቹን አስመልሶ ቤተ መንግሥቱ ያስገባዋል፤ አውሬውም ከመኳንንቱ መሃል ይተኛል። ኋላ ልብሱ ሲቀርብለት በሰው ፊት ዞር ብሎ እንኳ አያየውም፤ አንድ አዋቂ «አፍሮ ነው፣ ለብቻው ተዉት» ይላል። በሩ ሲከፈት ባላባቱ ሰው ሆኖ በንጉሡ አልጋ ላይ ተኝቷል። ንጉሡም አቅፎ ይስመዋል። ከ400 በማይሞላ ስንኝ ፍቅሩን ከስሙ አስቀደመችው። የዛሬው ደራሲ ባለ 3 ቅጽ መጽሐፍ ጽፎ ይህን ያጣዋል።

እነዚህ መጻሕፍት «አልፋ» የሚሉት ጉልበተኛ የመንጋ አለቃም አያታልላችሁ። ሐሳቡን ያስፋፋው እንደ ሩዶልፍ ሼንከል የ1947 ጥናት ያለ፣ በአጥር ውስጥ አብረው የተዘጉ ተኩላዎችን ያየ ሥራ ነው። የተኩላ ተመራማሪው ዴቪድ ሜች በ1970 መጽሐፉ ቃሉን ቢያሰራጭም፣ በኤልስሚር ደሴት የዱር ተኩላዎችን ከተከታተለ በኋላ በ1999 አረመው፤ መንጋ ማለት በአብዛኛው አባት፣ እናትና ልጆቻቸው ናቸው። የተኩላ ዘመድ የሆነው የእኛው የባሌ ቀይ ቀበሮም አይጡን ለብቻው ያድናል፤ ወደ ጉድጓዱ ሲመለስ ግን እሱ ላልወለዳቸው ግልገሎች ከሆዱ አውጥቶ ያበላል። እያገሳ ሁሉን ከማስገበር በቀር ለማንም ቁራሽ ያላቀረበ አለቃ የነገሠበትን መጽሐፍ ከሦስተኛው ምዕራፍ አላሳልፈውም።